ለእንግዳ የፈሰሰ ውሃ

ነይ ግቢ ፋሲካዬ፣ ግቢ! ላስቲኩን ከኋላሽ መልሺው፣ ንፋስ እንዳያስገባ። እንዴት ነሽ? ልጆቹ ደህና? ምግብ ቤቱስ? ከጦር ኃይሎች እዚህ ድረስ በታክሲ ተጋፍተሽ… ብትደውዪልኝ እኮ ሰው እልክልሽ ነበር። ዛሬ ደግሞ ዕድለኛ ነሽ፣ ንፋሱ በቆሼ በኩል አልመጣም። በይ ቁጭ በይ፣ እዚያች ሳጥን ላይ። እኔ እያወራሁሽ ኪያሬን ልምረጥ፤ እጄ ካልሠራ አፌም አይፈታልኝ።

ሙቀቱን ቻይው እንግዲህ። ግሪን ሃውስ ነው፣ ውጭ ሹራብ ደርበሽ እዚህ ውስጥ ያልብሻል። ኪያር እንዲህ ነው የሚወደው። ሙቀቱን ይፈልጋል፣ ውሃውን ደግሞ በትንሽ በትንሹ፣ ከሥሩ። ያቺን በየመደቡ የተዘረጋች ጥቁር ጎማ አየሻት? በየተክሉ ሥር ቀዳዳ አላት። ከዚያ ቆጥ ላይ ካስቀመጥነው ሮቶ ውሃው ይወርድና ጠብ… ጠብ… ይላል፣ ሌላ ጥበብ የለውም። ጫፏን አጥፈን አስረነዋል፣ ውሃው በቀዳዳዋ ብቻ እንዲወጣ። ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንድ ሮቶ ሞልተን እስከሚቀጥለው ፈረቃ እንዘልቅበታለን። እንዘልቅበት ነበር ማለቴ ነው።

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ… ባለፈው የወሰድሽው ኪያር መረረ። ደንበኞችሽ ሰላጣውን መለሱት፣ አይደል? አንቺ ጨዋ ሆነሽ ነው እንጂ በሰላምታ የጀመርሽው፣ ገና ከበሩ ስትገቢ ፊትሽ ነግሮኛል። ይቅር በይኝ እህቴ። ኪያር ውሃ ሲጠማው ይመራል። ሰውም ሳይሆን አይቀርም። “ታዲያ ውሃ ቆጣቢ ነን ስትሉ አልነበረም እንዴ፣ ምን አስጠማው?” ልትዪኝ ነው። ምን ልበልሽ… የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲሉ ትሰሚ የለ? የእኛም ኪያር ሮቶ ሥር ቆሞ ነው የተጠማው። ውሃውን ክብር ወሰደበት።

ክብር ስል አንድ ትልቅ ሰው ትዝ አሉኝ። ስም አልጠራም። የእኛ ማኅበር ይሁኑ የሌላ፣ ሰብሳቢ ይሁኑ ተራ አባል፣ እኔ ምንም አላልኩም፤ አንቺም አትገምቺ። ብቻ ትልቅ ሰው ናቸው። በእድሩ ትልቅ፣ በሽምግልናው ትልቅ፣ ሲናገሩ ደግሞ… ኧረ ሲናገሩ! ማር ነው የሚወርደው። ቦታውን ወረዳ ድረስ ተመላልሰው ያስገኙልን እሳቸው ናቸው… ለዚያ ለሌላው ማኅበር ማለቴ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል? እኔ እንጃ፤ አንድ አግኝተን ይኸው በቅቶናል።

እና እንግዶች ሊመጡ ነው ተባለ። ከቢሮ፣ ከክፍለ ከተማ፣ ካሜራ የያዘም አለበት። ምን ሊያዩ? ውሃ እንዴት እንደሚቆጠብ ሊያዩ። እስቲ አስቢው ፋሲካ፣ እነዚያ ሰዎች መኪና አስነስተው የሚመጡት ጠብታ ለማየት ነው። ሌላ ነገር አላማራቸውም። ጠብታ ብታሳዪያቸው ረክተው ይሄዳሉ።

እኚህ ትልቅ ሰው ግን በዋዜማው መደቡ መሐል ቆሙና ጠብታዋን አዩዋት። አዩዋት፣ አዩዋትና… አፈሩ። “ለእንግዳ በጠብታ ይቀርባል እንዴ? ስስታሞች ናቸው ሊሉን ነው እኮ!” አሉ። በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት… ማለቴ የሰማ ሰው ነው የነገረኝ።

አትሳቂ! የእንግዳ አክባሪነት ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ለእንግዳ ጠላ ስትቀዳ ዋንጫው ሞልቶ ካልፈሰሰ ቀዳሁ አትልም ነበር። እጇ እስኪርስ ነበር የምትቀዳው። ልዩነቱ ምን መሰለሽ… ጠላው የራሷ ነበር።

በነጋታው ማለዳ እኔ መጀመሪያ ደረስኩ። ሮቶውን በእጄ መታ መታ አደረግሁት፤ ሙሉ ነው። ሙሉ ሮቶ ሲመቱት ድምፅ የለውም፣ ታውቂያለሽ? የሚጮኸው ባዶው ነው። ብዙ ነገር እንደዚያ ነው። ይህቺን ነገር ብቻ ያዢልኝ፣ ማለዳ ሮቶው ሙሉ ነበር። ሌሎቹም ሲመጡ አይተዋል፣ ፀጋም ሆሳዕናም።

ከዚያ እንግዶቹ ሊደርሱ ሲሉ የጎማዎቹ ጫፍ ሁሉ ተፈታ። ማን ፈታው? እኔ ምን አውቄ… ንፋስ ይሆናል። ብቻ ንፋሱ ኮት ለብሶ ነበር። ባርኔጣም አድርጓል። ጎንበስ ብሎ መደብ በመደብ፣ አንዷንም ሳያስቀር ነው የፈታት፤ እንዲህ ያለ ታታሪ ንፋስ በዕድሜዬ አላየሁም።

ምን ልንገርሽ… ውሃው ጋለበ! እንግዶቹ ሲገቡ ይሄ የተቀመጥሽበት ቦታ ሐይቅ ሆኗል። አንዷ እንግዳ፣ የምታምር ልጅ፣ ባለ ተረከዝ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ተተክሎ ቀረ፤ እግሯን ብቻ ይዛ አለፈች። አንዱ መነጽር ያደረገ ሰውዬ ዙሪያውን ሲያይ ቆየና “ይቅርታ፣ ጠብታው የታለ?” አለ። እሳቸው ሳቅ ብለው፣ “ጠብታው የአዘቦት ነው፤ ዛሬ እንግዳ አለ!” አሉ። ጭብጨባ! እኛም አጨበጨብን እንጂ፣ ምን እናድርግ? ውሃው ቁርጭምጭሚታቸው ጋ ደርሶ እሳቸው ስለ ውሃ ቁጠባ አስረዱ። ያን ቀን የቆመ ውሃ ውስጥ ሆኖ ስለ ድርቅ ማልቀስ የሚችል ሰው አየሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች… የእኛን ውሃ ግን እያጨበጨብን ነው የሸኘነው።

እንግዶቹም እሳቸውን ጋቢ አለበሷቸው። ነጭ፣ ጥለቱ የሚያምር። ጫፉ ጭቃ ነክቶታል፤ ግን ማን ጫፍ ያያል? ጋቢ የሚታየው ከትከሻ ነው።

ማታውን ፈረቃችን ነበር፣ ቀረ። የሚቀጥለውም ቀረ። ሮቶው ባዶ፣ ፀሐዩ ደግሞ ላስቲኩን ሊያቀልጠው ነው። እዚህ በላይ በኩል ያለው ኪያር ቅጠሉን ጣለ፣ በታች በኩል ያለው ደግሞ ከጎርፉ የተነሣ ሥሩ በሰበሰ። አንዱ ጠጥቶ ሞተ፣ አንዱ ሳይጠጣ ሞተ። ከሁለቱ የተረፈው መረረና አንቺ ዘንድ መጣ።

ይሄ ሁሉ ግን ምን አለበት? ሰው አይሳሳትም? ለእንግዳ ብሎ የተሳሳተን ሰው ማን ይቀየመዋል? “አጠፋሁ” ቢሉ እኮ እኛው ነን ተሯሩጠን “ኧረ ጋሼ፣ ምን አጠፉና!” የምንለው። ታዲያ ትልቅ ሰው ጥፋት ሲያገኝ ምን ያደርጋል መሰለሽ? ለብቻው አይበላውም። ለትንሽ ሰው ይሰጣል። ለጋስ ናቸው አላልኩሽም?

ቆይ… ያ ጥላ ምንድን ነው? እዚያ፣ ከላስቲኩ ወዲያ፣ የውሃ ማጣሪያው ጋ። ሰው ያጎነበሰ መሰለኝ። አይ… ድመት ትሆናለች። ድመት ባርኔጣ ታደርጋለች እንዴ ፋሲካ? ዘመኑ የማያሳየን ነገር የለም። ተያት፣ ድመት አማርኛ አትሰማም።

እኔ ደግሞ እንደ ድሮ ሰው፣ ልጄ ላንቺ ልንገርሽ ምራቴ አንቺ ስሚ የምል አይደለሁም። ላንቺው ነው የምነግርሽ። ድምፄን ከፍ ያደረግሁት… እንጃ፣ ላስቲኩ ድምፅ ይውጣል ብዬ ነው።

ብርቱካንን ታውቂያታለሽ አይደል? ያቺ ቀጭኗ፣ ባለፈው ኪያርሽን እስከ ታክሲው ተሸክማ የሸኘችሽ። የሮቶውን ቧንቧ የምትከፍት የምትዘጋው እሷ ነበረች። ማለዳ ትከፍታለች፣ ፀሐይ ሳይበረታ ትዘጋለች፣ በቃ ሥራዋ ይኸው ነው። እዚህ የመጣችው ከቆሼ ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ እዚያ ቆሻሻ ስትለይ፣ ፕላስቲክ ስትለቅም ኖራ… ይሄ ማኅበር ሲቋቋም እኛ ነን ነይ ያልናት። መጀመሪያ ሰሞን እጇን ደጋግማ ትታጠብ ነበር፤ ኪያሩን ስትነካ የምታቆሽሽ ይመስላታል። አሁን ትልቋ ልጇ ዩኒፎርም ለብሳ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። በዚህ በኪያር።

የእንግዳው ዕለት ብርቱካን እዚህ አልነበረችም። ለምን በዪኝ? “አንቺ ዛሬ ቤትሽ ዋዪ፣ እንግዳ አለ” ተብላ ነዋ። ከዋዜማው ነው የተነገራት። ክፉ አስበው እንዳይመስልሽ! ልብሷ እንዳያሳፍራት ብለው ነው። ትልቅ ሰው የሰው ኀፍረት ቀድሞ ነው የሚታየው። የራሱ ነው እንጂ የሚዘገይበት።

ኪያሩ ሲደርቅ ከቢሮ ተደወለ። “ያ ያየነው ልምላሜ ምን ነካው?” አሏቸው። እና ያ ማር የሚወርድበት አፍ ምን ይላል? “ቧንቧውን የምትይዘው ሴትዮ በእንግዳው ዋዜማ ከፍታው አድራ ሮቶው ባዶ ቀረ” ይላል። በቃ፣ አለቀ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚባለውን ሰምተሽ ይሆናል፤ እዚህ ግን ላሚቱን ራሷን ቤትሽ ዋዪ አሏትና፣ ኩበቱን የጣልሽው አንቺ ነሽ ብለው አመጡባት።

ማለዳ ሮቶው ሙሉ ነበር ብዬሽ የለ? ከፍታው ካደረች ማን ሞላው? መልአክ? እንግዲያውስ ምነው ዝም አልን፣ ቄስ ጠርተን ጠበል ነው ብለን እናስከብረው እንጂ።

“እናንተስ ለምን ዝም አላችሁ?” ልትዪኝ ነው። እሺ፣ ማን ይናገር? ፀጋ ትናገር? ልጇን ሥራ ያስገቡላት እሳቸው ናቸው። ሆሳዕና ትናገር? ከአከራይዋ ጋር ያስታረቋት እሳቸው ናቸው። እኔ ልናገር? የልጄ የክርስትና… አይ፣ የአንዲት ሴትዮ ልጅ የክርስትና አባት ናቸው። አበልጅ ፊት ድምፅ አይነሣም፤ ነውር ነው፣ እናቴ ብትሰማ ከመቃብር ትነሣለች። ስለዚህ ሁላችን ዝም ብለን ኪያር እንመርጣለን። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። ይሁን… የእኛ ዝምታ ግን የማን ወርቅ እንደሆነ አንቺ ፍረጂ።

ዛሬ ከሰዓት ስብሰባ አለን። ስለ ብርቱካን ነው። እጅ እናወጣለን፣ እሷ ትወጣለች፣ ሻይ ይጠጣል። ትናንት የጭቃ ጫማዋን፣ ቦቲዋን ልትወስድ መጥታ ነበር፣ ያቺን በር ላይ የምታዪያትን። “ቦቲው የማኅበሩ ንብረት ነው” ተባለች። እግሯን አየችና ሄደች። የማኅበር ንብረት ሲጠበቅ እንዲህ ነው ደስ የሚለው! ሮቶ ሙሉ ውሃ የማን ንብረት እንደነበረ ብቻ ነው እስካሁን ያልተጣራው።

ወዴት ትሄድ ይመስልሻል? ወደ ቆሼ ነዋ። የቆሻሻ መኪናው ሲደፋ ከሰው ጋር ልትሻማ። ደግሞ አንድ እጅ አይበቃም፣ ልጆች ማሳደጊያ ነው። ያቺ ዩኒፎርም የለበሰችው ልጅ ዩኒፎርሟን አውልቃ ማዳበሪያ ይዛ እናቷን ትከተላለች። ለምን? አንድ ሰው ለእንግዳ ጠብታ ማቅረብ አፈረ ተብሎ! ያንገበግበኛል ፋሲካ! ሌሊት እንቅልፍ ይነሣኛል! … ይቅርታ። ሙቀቱ ነው። ውሃ ካለሽ አቀብዪኝ።

እፎይ።

እስቲ እንኪ፣ ይሄንን ቅመሺ። ግመጪው፣ ታጥቧል። ጣፈጠሽ አይደል? ያ ጥግ ላይ ያለው መደብ ነው። እሱ አልመረረም። ሌላው ሲደርቅ ብርቱካን ከታች ከጎረቤት ቧንቧ በጀሪካን እየተሸከመች፣ በጣሳ በየሥሩ እያፈሰሰች ያተረፈችው እሱን ብቻ ነው። ውሃ አባካኟ ሴትዮ ማለት እሷ ናት፣ እንዳትረሺያት። በጀርባዋ የተሸከመችውን ውሃ በጣሳ የምታባክን። ጋቢ የለበሱት ሰውዬ ደግሞ በዚያ ሰሞን የት ነበሩ? ስለ ውሃ ቁጠባ ሌላ ክፍለ ከተማ ተጋብዘው ልምድ ሲያካፍሉ ነበር። እሰይ! ልምዱማ አላቸው።

እውነትና ንጋት እያደረ ይጠራል ይባላል። ይጠራ ይሆናል። እኛ ሰፈር ግን እውነትም እንደ ቧንቧው በፈረቃ ነው የሚመጣው። ከፍተሽ ትጠብቂያለሽ፣ አየሩ ብቻ ሽው ይልብሻል፤ ሲመጣም መጀመሪያ ጭቃውን ነው የሚተፋው። ታዲያ ጭቃው እየተተፋ ማን አጠገቡ ነጭ ለብሶ ይቆማል?

እኔማ ስብሰባው ላይ ምንም አልናገርም። እኔ ማን ነኝና? አንዲት ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፣ እንደ ሞኝ። “የእንግዳው ዕለት ብርቱካንን ቤትሽ ዋዪ ያላት ማን ነበር?” ብዬ። ጥያቄ ደግሞ ድምፅ ማንሣት አይደለም። ለአበልጅም ቢሆን ጥያቄ ይቀርባል። ከዚያ እቀመጣለሁ። ፀጋም ስለ ሮቶው አንዲት ጥያቄ አላት መሰለኝ፣ ማለዳ ስናወራ ነበር። ሆሳዕናም ሳይኖራት አይቀርም። ሴት ሲሰበሰብ ጥያቄ ይበዛል፣ ምን ይደረግ…

ግን ያ ሁሉ ለምን? እኔ ሳልጠይቅ እሳቸው ቢቀድሙን እኮ ዕዳው ገብስ ነው። “እኔ ነኝ የፈታሁት” ማለት ምን ይከብዳል? እስቲ በዪው አንቺ። አየሽ? ምላስሽ አልተቆረጠም። ብርቱካን ቦታዋ ትመለሳለች፣ እሳቸውም ትልቅነታቸው አይጎድል፤ እንዲያውም እውነተኛው ትልቅነት ያኔ ይጀምራል። ያኔ እኔ ራሴ ጋቢያቸውን አጥቤ አመጣላቸዋለሁ፣ በእመብርሃን! ጭቃው እንዳይታይ አድርጌ።

ምን ወደቀ? ሰማሽ? ማጣሪያው ነው መሰለኝ። አይዞሽ ድመቴ! አይዞሽ፣ ማንም ስምሽን አልጠራም። የምን መደንገጥ ነው? ንጹሕ ድመት ትደነግጣለች እንዴ?

በይ ተነሺ፣ ታክሲው ሳይጨናነቅ ድረሺ። ይሄን ኪያር ውሰጂው፣ ሁሉም ከዚያ ጥግ መደብ የተቀጠፈ ነው፣ የሚመር የለበትም። እኔ ግን ዛሬ ብዙ አወራሁ። ሐሜት እንዳይመስልሽ፣ ሲመሰገኑ ነው የዋሉት። ደግሞ ሰው አመስግኖ ሳይመርቅ መለያየት ደግ አይደለም፤ ነይ አብረን እንመርቃቸው።

እግዜር ዕድሜ ይስጣቸው። ጤና ይስጣቸው። ቤታቸው ይሙላ፣ ማዕዳቸው አይጉደል። ልጆቻቸው ይባረኩ፣ የልጅ ልጆቻቸውም ይባረኩ፤ አንድም ሳይቀር ሁሉም እሳቸውን ይምሰሉ። በመልክ ብቻ አይደለም፣ በልብም ጭምር። እና እርጅና በመጣ ጊዜ፣ ጉልበት ሲከዳ፣ አንደበት ሲደክም፣ የሚያነሣቸው እጅና የሚመሰክርላቸው አፍ ሲፈልጉ… ቀና ሲሉ፣ በዙሪያቸው የቆመው ሰው ሁሉ፣ ልክ እንደ እሳቸው ያለ ሰው ይሁን።

አሜን በይ እንጂ ፋሲካ! ጮክ ብለሽ።